ከ418 ለውጦች ቲ ሕዋስ የሚያየው የትኛውን ነው? የዕጢ አንቲጂን ፍለጋ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ከቀዶ ሕክምና ክፍል የደረሰን ናሙና ከቆዳ ተነሥቶ ወደ ሊምፍ ኖድ የተዛመተ ሜላኖማ (የቆዳ ቀለም ሕዋሳት ካንሰር) ነው። ታካሚዋ ናሙናቸውም ደማቸውም ለዚህ ምርምር እንዲውል በጽሑፍ ፈቅደዋል፤ እኛ የምናውቃቸው በኮድ ቁጥር ብቻ ነው። መልስ የምንፈልግለት ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ ዕጢ ውስጥ ከተለወጡት ፕሮቲኖች መካከል የታካሚዋ የራሳቸው ቲ ሕዋሳት፣ ማለትም ባዕድ ነገርን የሚለዩት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት፣ እንደ ባዕድ የሚያዩት የትኛውን ነው? እንዲህ የሚታየው ነገር አንቲጂን ይባላል።

ናሙናውን ወዲያው ለሦስት ከፈልነው። አንደኛው ክፍል ዲኤንኤና አርኤንኤ ሊወጣበት በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዘቀዘ። ሁለተኛው የዕጢው ሕዋሳት በብልቃጥ እንዲራቡ ወደ ማሳደጊያ ፈሳሽ ገባ። ሦስተኛው በጥቃቅኑ ተከትፎ ቲ ሕዋሳትን የሚያራባው ኢንተርሉኪን-2 በሚሊ ሊትር 6000 ዓለም አቀፍ ዩኒት በተጨመረበት ፈሳሽ ተቀመጠ፤ ዕጢው ውስጥ ዘልቀው የገቡትን ቲ ሕዋሳት የምናገኘው ከዚህ ነው። ከደሙ ደግሞ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ጤናማ ዲኤንኤና ነጭ የደም ሕዋሳት ለይተን አስቀመጥን።

በፎርማሊን የቆየ ናሙና እንዳይላክልን አስቀድመን አጥብቀን የጠየቅነው በምክንያት ነው። ፎርማሊን ከዲኤንኤ ፊደላት አንዱ የሆነውን ሳይቶሲንን ስለሚጎዳ በንባቡ ላይ ሳይቶሲን የነበረው ታይሚን የተባለው ሌላ ፊደል ሆኖ ይታያል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር በሜላኖማ ላይ የሚተወው ዋነኛ አሻራም ይኸው ከሳይቶሲን ወደ ታይሚን መለወጥ ነው። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ በሌላ የካንሰር ዓይነት በቀላሉ የሚጣለው ስሕተት እዚህ እውነተኛ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) መስሎ ሊያልፈን ይችላል።

ቀን 5

ሕዋሳቱ እስኪራቡ ድረስ የሥራ ዕቅዱን እንደገና አነበብኩት፤ ለምን ሚውቴሽን ላይ እንዳተኮርን ለቡድኑ አዲስ አባል ማስረዳትም ነበረብኝ።

ቲ ሕዋስ ሙሉ ፕሮቲን አያይም። የሚያየው በሕዋስ ውስጥ ከተቆራረጠ ፕሮቲን የተገኘና ኤችኤልኤ በተባለ አቅራቢ ሞለኪውል ተይዞ በሕዋሱ ገጽ ላይ የቀረበ አጭር ፔፕታይድ ነው፤ ለኤችኤልኤ ክፍል አንድ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 አሚኖ አሲድ፣ በአመዛኙም 9 ነው። ዚንከርናጌልና ዶኸርቲ በ1974 ቲ ሕዋስ ባዕዱን ነገር ከራሱ አካል መለያ ሞለኪውል (በሰው ኤችኤልኤ) ጋር አንድ ላይ ብቻ እንደሚያውቅ አሳይተው በ1996 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኛ ሥራ ወሳኝ ነው፦ የአንድ ሰው አንቲጂን ኤችኤልኤው ለሚለይ ለሌላ ሰው አንቲጂን ላይሆን ይችላል።

በሰው ዕጢ ላይ በቲ ሕዋስ የሚታወቅ የመጀመሪያው አንቲጂን ዘረመሉ የተለየው በ1991 ነው። በብራስልስ የሉድቪግ ተቋም የቲየሪ ቡን ቡድን የአንዲት የሜላኖማ ታካሚን ዲኤንኤ ቁርጥራጮች አንቲጂኑን ባጣ የዚያው ዕጢ ሕዋስ ውስጥ እያስገባ፣ የታካሚዋ ገዳይ ቲ ሕዋሳት እንደገና የሚያውቁት የትኛውን እንደሆነ በመፈተሽ ማጅ-1 የተባለውን ዘረመል ለየ። ማጅ በጤናማ አዋቂ ሰው ከወንድ የዘር ፍሬ በቀር በአብዛኛው ዝም ያለ ነው፤ በዚያ ያሉት የዘር ሕዋሳትም ክፍል አንድ ኤችኤልኤ ስለማያሳዩ ለቲ ሕዋስ አይታዩም። ከዚህ ሌላ እንደ ሜላን-ኤ ያሉ ጤናማ የቀለም ሕዋሳትም የሚሠሯቸው አንቲጂኖች አሉ፤ እነዚህን አጥብቀው የሚይዙ ቲ ሕዋሳት ገና በሚበስሉበት አካል በታይመስ ሳሉ ይወገዳሉ፤ የተረፉት ሲበረቱ ደግሞ ጤናማውን ቆዳ ጭምር ሊያጠቁና ለምጽ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በሚውቴሽን የተፈጠረ ፔፕታይድ ግን ታይመስ ፈጽሞ አይቶት አያውቅም፤ በጤናማ ሕዋስ ላይም የለም። በ1995 በሜላኖማ ላይ የተገኘው ሲዲኬ4 የተባለው የተለወጠ ፕሮቲን ለዚህ ቀደምት ምሳሌ ነው። ምርጫችን ይህን መንገድ የተከተለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀን 18

የኤክሶም (ፕሮቲን የሚጻፍበት የዲኤንኤ ክፍል) እና የአርኤንኤ ንባብ ደረሰ። ዕጢውን በአማካይ 200 ጊዜ፣ ደሙን 100 ጊዜ ያህል አንብበነዋል። ሚውቴሽን በሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች አስለይተን ሁለቱም የተስማሙበትን ብቻ ተቀበልን፤ አሚኖ አሲድ የሚቀይሩት 418 ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ የተለወጠው ቅጂ በአርኤንኤ ንባብ ላይ በግልጽ የታየው 171 ብቻ ነው። ቀሪዎቹን ትተናቸዋል፤ ወደ አርኤንኤ ያልተገለበጠ ለውጥ ፕሮቲን አይሆንም፣ ፕሮቲን ያልሆነም ለቲ ሕዋስ አይቀርብም።

የታካሚዋ ኤችኤልኤ ኤ*02:01፣ ኤ*03:01፣ ቢ*07:02፣ ቢ*44:02፣ ሲ*05:01 እና ሲ*07:02 ነው። በእነዚህ ስድስት ዓይነቶች ላይ ኔትኤምኤችሲፓን በተባለ ፕሮግራም የመያያዝ ትንበያ ሠርተን ከምርጥ ግማሽ በመቶ ውስጥ የገቡትን ስንይዝ 97 ፔፕታይዶች ቀሩ።

ቀን 22

ከ97ቱ 45ቱን ዛሬ ሰረዝናቸው፤ ምክንያቱ የትንበያው ውጤት ሳይሆን የዕጢው ሁኔታ ነው። የኤችኤልኤ ዘረመሎች ባሉበት በ6ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ የዕጢው ንባብ ከደሙ ጋር ሲነጻጸር ሚዛኑን አጥቶ አገኘነው። ኤ*03:01፣ ቢ*07:02 እና ሲ*07:02 ያሉበት አንደኛው የክሮሞዞሙ ቅጂ ንባብ በግልጽ ቀንሷል፤ ጨርሶ ያልጠፋው ናሙናው ውስጥ የተቀላቀሉ ጤናማ ሕዋሳት ስላሉ ነው። እነዚህን ሕዋሳት በስሌት ስናወጣቸው የዕጢው ሕዋሳት ያንን ቅጂ እንዳጡት ግልጽ ሆነ። ብልቃጥ ውስጥ በሚያድጉት ሕዋሳት ላይም ሦስቱ ዓይነቶች ፈጽሞ አልተገኙም።

ይህን ፍተሻ መዝለል ምን እንደሚያስከትል ከሚያሳዩት ሁሉ እኔን ይበልጥ የነካኝ በ2016 የወጣ የአንዲት ታካሚ ታሪክ ነው። በሲ*08:02 የሚቀርበውን ኬራስ ጂ12ዲ የተባለ የተለወጠ ፕሮቲን የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት ተሰጥተዋቸው በሳንባቸው ላይ የነበሩት ሰባቱም የካንሰር ቦታዎች አፈገፈጉ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ አንደኛው እንደገና አደገ። ያ ዕጢ ሲመረመር ሲ*08:02ን የያዘውን የክሮሞዞም ክፍል ጥሎ ተገኘ። ኬራሱ እዚያው ነበር፤ የጠፋው የሚያቀርበው እጅ ነበር። በእኛ ታካሚ ዕጢው ያንኑ ያደረገው ከመጀመራችን በፊት ስለሆነ፣ በጠፋው ቅጂ ይቀርባሉ የተባሉ 45 ፔፕታይዶችን መፈተሽ ወደ ባዶ በር መጥራት ነው። 52 ቀሩ።

ቀን 27

የፔፕታይድ ትዕዛዙን ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን ዕጩ በዓይኔ ማየት ጀመርኩ፤ በ12ኛው ላይ ቆምኩ። ከሚውቴሽኑ ሁለት አሚኖ አሲድ ራቅ ብሎ ታካሚዋ ከተወለዱ ጀምሮ ያላቸው ሌላ ልዩነት አለ። ፕሮግራሙ ፔፕታይዱን የጻፈው ከታካሚዋ ፕሮቲን ሳይሆን ከማጣቀሻው የሰው ጂኖም ስለሆነ ይህን ልዩነት አላካተተም። ንባቦቹን አንድ በአንድ ሳይ ሁለቱ ልዩነቶች በአንድ ንባብ ላይ አብረው ይገኛሉ፤ ማለትም በአንድ ቅጂ ላይ ናቸው። ስለዚህ ልናሠራው የነበረው ፔፕታይድ በታካሚዋ አካል ውስጥ የለም፤ ምናልባትም በማንም ዕጢ ውስጥ የለም።

እንዲህ ያለው ስሕተት ድምፅ የለውም። ፔፕታይዱ ይሠራል፣ ፈተናው ይካሄዳል፣ ምላሽ አይገኝም፣ እኛም «ይህ ሚውቴሽን አንቲጂን አይደለም» ብለን እንጽፋለን። ቀኑን ሙሉ 52ቱን ፈትሼ ተመሳሳይ ችግር በሌሎች ሁለት ላይ አገኘሁ። ሦስቱንም በታካሚዋ እውነተኛ ቅደም ተከተል አስተካክለን እንደገና ስንተነብይ ሁለቱ ከምርጫ ወጡ። የአርኤንኤ መጠናቸው እጅግ ያነሰውንም ትተን በ36 ዕጩዎች ተስማማን።

ቀን 49

36ቱ ፔፕታይዶች ደረሱ፤ ወጪ ለመቆጠብ ያልተጣሩትን ነበር ያዘዝነው። ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ ፈሳሽ አሟሟናቸው። ሲስቴይን የተባለው አሚኖ አሲድ ያለባቸው አራቱ እርስ በርስ እንዳይያያዙ የተለየ ጥንቃቄ ተደረገላቸው። ከዚያም ከ1 እስከ 36 ቁጥር ሰጥተን በስድስት ረድፍና በስድስት ዓምድ ደርድረን እያንዳንዱ ፔፕታይድ በአንድ የረድፍና በአንድ የዓምድ ድብልቅ ውስጥ እንዲገኝ 12 ድብልቆች አዘጋጀን። ቲ ሕዋሳቱ ውድ ናቸው፤ በዚህ አሠራር 36 ፈተና በ12 ይተካል።

ቀን 58

የመጀመሪያው ኤሊስፖት፣ ምላሽ የሰጡ ቲ ሕዋሳትን በነጥብ የምንቆጥርበት ፈተና። ፕሌቱ የተቀሰቀሰ ቲ ሕዋስ የሚያመነጨውን ኢንተርፌሮን ጋማን በሚይዝ ፀረ አካል ተለብጧል፤ ምላሽ የሰጠ እያንዳንዱ ቲ ሕዋስ በቆመበት ቦታ አንድ ነጥብ ይተዋል። ቲ ሕዋሳቱን በዋዜማው ከኢንተርሉኪን-2 ለይተን አሳርፈናቸዋል፤ አለዚያ ያለ ምንም ቅስቀሳ ነጥብ ስለሚሰጡ እውነተኛው ምላሽ በዚያ ውስጥ ይሰወራል። አቅራቢ እንዲሆኑ የተጠቀምነው ከታካሚዋ ደም የተዘጋጁ የቢ ሕዋሳትን ነው። ለማነጻጸሪያ ተመሳሳይ መጠን ያለው ዲኤምኤስኦ ብቻ የገባባቸው ጉድጓዶችና ሁሉንም ቲ ሕዋሳት የሚቀሰቅስ ፀረ ሲዲ3 የገባባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ቀን 59

ረድፍ 2 እና ረድፍ 5፣ ዓምድ 3 እና ዓምድ 4 ደምቀዋል። የዲኤምኤስኦው ጉድጓዶች ንጹሕ ናቸው። መገናኛዎቹ አራት ስለሆኑ ዕጩዎቹ 9፣ 10፣ 27 እና 28 ናቸው፤ አራቱንም ለየብቻ መፈተሽ አለብን።

ቀን 63

10 ባዶ ነው። 9፣ 27 እና 28 ምላሽ አግኝተዋል። ከ36 ሦስት ማለት ነው። በ2020 በታተመ ሰፊ ጥናት 25 ቡድኖች ከየራሳቸው ስሌት ካቀረቧቸው ውስጥ 608 ፔፕታይዶች ተፈትነው ምላሽ ያገኙት 37 ነበሩ፤ ስድስት በመቶ ገደማ። የእኛ ቁጥር ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ይህም ሁላችንንም አስደሰተን።

ቀን 68

ሦስቱን በየደረጃው እያቀጠንን ካልተለወጠው አቻቸው ጋር ፈተንናቸው። 9 እስከ 1 ናኖሞላር ድረስ ይታወቃል፤ ያልተለወጠው አቻ በ1 ማይክሮሞላርም አይታወቅም። 28 እስከ 10 ናኖሞላር ይታወቃል። 27 ግን በ10 ማይክሮሞላር ጠንካራ፣ በ1 ማይክሮሞላር ደካማ ሆኖ በ100 ናኖሞላር ጨርሶ ይጠፋል። ያልተለወጠው የ27 አቻ ምላሽ ስለሌለው ውጤቱ ላይ ላዩን ሲታይ የሚውቴሽን አንቲጂን ይመስላል።

እኔን ያሳሰበኝ ያ ቁልቁለት ነው። ዕጢው ውስጥ ገብቶ የተራባ ቲ ሕዋስ ዒላማውን ለማወቅ 10 ማይክሮሞላር የሚፈልግ ከሆነ፣ በአንድ ሕዋስ ገጽ ላይ ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ሲቀርቡለት እንዴት ሊያውቀው ቻለ? ሌላው አማራጭ ቲ ሕዋሱ የሚያውቀው ፔፕታይድ 27 ሳይሆን በዚያ ቱቦ ውስጥ በጥቂቱ የተቀላቀለ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። የተሠራው ፔፕታይድ ያልተጣራ ነው፤ ያልተለወጠው አቻ ደግሞ የመጣው በሌላ ጊዜ በተሠራ ጥቅል ነው። ሦስቱንም ከ95 በመቶ በላይ ንጹሕ አድርገን እንደገና አዘዝን።

ቀን 91

ንጹሑ 27 ምንም ምላሽ የለውም፤ በ10 ማይክሮሞላርም። 9 እና 28 እንደ ቀድሞው ናቸው።

አሮጌውን የ27 ቱቦ የሞለኪውልን ክብደት በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ስናየው ከፔፕታይድ 9 ክብደት ጋር በትክክል የሚገጥም ትንሽ ጉብታ አገኘን፤ መጠኑ ከሺህ አንድ ገደማ ነው። ስሌቱ ይገጥማል፦ በ10 ማይክሮሞላር ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ 10 ናኖሞላር ነው፣ 9 በግልጽ የሚታወቅበት መጠን፤ በ1 ማይክሮሞላር ውስጥ 1 ናኖሞላር ነው፣ 9 የሚደክምበት ጠርዝ። 27ን ያወቁ የመሰሉን ቲ ሕዋሳት የ9 ቲ ሕዋሳት ነበሩ። ለስብሰባ የተዘጋጀው ሥዕል ላይ 27 አስቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ዛሬ አወጣሁት። በቡድናችን ከእንግዲህ በንጹሕ ፔፕታይድ ያልተደገመ ምላሽ «ምላሽ» ተብሎ እንዳይጻፍ ተስማምተናል።

ቀን 104

እስካሁን ያረጋገጥነው ቲ ሕዋሳቱ ከውጭ የጨመርንላቸውን ፔፕታይድ ማወቃቸውን ብቻ ነው። ዕጢው ራሱ ያንን ፔፕታይድ ቆርጦ ያቀርበዋል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እኔ እንደማምነው አንድን ፔፕታይድ የዕጢ አንቲጂን ለማለት የሚያበቃው የዚህ መልስ ነው።

ለእያንዳንዱ ፔፕታይድ ምላሽ የሰጡትን ሕዋሳት ከቅስቀሳው 24 ሰዓት በኋላ በገጻቸው ላይ በሚወጣው ሲዲ137 ለይተን አራባናቸው፤ ከዚያም ከዚያው ናሙና ካደጉት የዕጢ ሕዋሳት ጋር አገናኘናቸው። የዕጢው ሕዋሳት ኤችኤልኤያቸው እንዲበዛ ለ48 ሰዓት ኢንተርፌሮን ጋማ ተሰጥቷቸው ነበር።

የ9 ቲ ሕዋሳት ምንም ፔፕታይድ ሳይጨመር ዕጢውን አወቁት። ክፍል አንድ ኤችኤልኤን የሚሸፍነው ደብልዩ6/32 የተባለው ፀረ አካል ሲገባ ምላሹ ወደቀ። ኤ*02:01ን ብቻ በሚያሳዩ ሕዋሳት ላይም ፔፕታይዱን አወቁ።

የ28 ቲ ሕዋሳት ዕጢውን አላወቁትም። በዚያው ዕጢ ላይ ፔፕታይዱን ስንጨምር ግን ወዲያው ያውቁታል፤ ስለዚህ ኤችኤልኤው አለ፣ ቲ ሕዋሱም ጤናማ ነው፣ የጎደለው ፔፕታይዱ ከፕሮቲኑ ተቆርጦ መውጣቱ ነው። ምናልባት የሕዋሱ ፕሮቲን ቆራጭ የሆነው ፕሮቲያሶም በመካከሉ ይቆርጠዋል፤ ምናልባትም የሚመረተው መጠን ከሚታይበት በታች ነው። ሚውቴሽኑን ከግራና ከቀኝ 12 አሚኖ አሲድ ጋር የያዘ አጭር ዘረመል በአቅራቢ ሕዋሳት ውስጥ አስገብተን ስንሞክርም ምላሽ አላገኘንም።

የሁለቱን ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ብዙ ነገር ይገልጽልኛል። በ28 ላይ ፕሮሊን ወደ ሉሲን የተለወጠው በ2ኛው ቦታ ነው፤ ይህ ፔፕታይዱ ከኤ*02:01 ጋር የሚያያዝበት መልሕቅ ስለሆነ የትንበያውን ነጥብ ከፍ ያደረገው ራሱ ሚውቴሽኑ ነው። በ9 ላይ ሴሪን ወደ ፌኒላላኒን የተለወጠው ግን በ5ኛው ቦታ፣ ወደ ቲ ሕዋሱ በሚዞረው ጎን ነው፤ የተለወጠውም ያልተለወጠውም እኩል ይያያዛሉ፤ ልዩነቱን የሚያየው ቲ ሕዋሱ ብቻ ነው። በትንበያው ዝርዝር 28 ሁለተኛ፣ 9 ደግሞ አሥራ ዘጠነኛ ነበር። ከላይ አሥሩን ብቻ አሠርተን ቢሆን ኖሮ 9ን አናገኘውም ነበር።

ቀን 119

9ን በዓይን ለማየት ከ500 ሚሊዮን የዕጢ ሕዋሳት ኤችኤልኤውን በደብልዩ6/32 ሰብስበን ፔፕታይዶቹን በአሲድ አላቀቅናቸው። በአጠቃላይ ንባብ ከ4000 በላይ ፔፕታይዶች ተለዩ፤ 9 በመካከላቸው አልነበረም። ከተጠበቀው ክብደት ላይ ብቻ በሚያተኩረው ዘዴ ስንደግመው ግን ተገኘ፤ ከማሽኑ የወጣበት ሰዓትም የተሰባበረበት መልክም ከሠራነው ፔፕታይድ ጋር ገጠመ። ከባድ አይሶቶፕ ያለውን ማነጻጸሪያ (ያው ፔፕታይድ በክብደት ብቻ የተለየ) ወደ ማሽኑ ያስገባነው ናሙናው ካለፈ በኋላ ነው፤ በከባዱ ውስጥ የሚቀር ጥቂት ቀላል ቅጂ ራሱን የታካሚዋ ፔፕታይድ አድርጎ ሊያሳየን ስለሚችል። ከ27 በኋላ እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ክፍት መተው አልቻልኩም።

ቀን 133

የ9 ቲ ሕዋሳት ሌላ ምን ያውቃሉ? በ2013 የተዘገበው፣ የማጅ-1 ዘመድ በሆነው በማጅ-ኤ3 ላይ ያነጣጠረው ሙከራ ይህን ጥያቄ ግዴታ አድርጎታል። የተጠናከረ የቲ ሕዋስ መቀበያ (ቲ ሕዋስ አንቲጂኑን የሚያውቅበት ሞለኪውል) ያላቸው ሕዋሳት የተሰጣቸው ሁለት ታካሚዎች በልብ ጉዳት ሞተዋል፤ መቀበያው በልብ ጡንቻ ውስጥ ያለውን የታይቲን ፔፕታይድም ያውቅ ነበር። በተለመደው የብልቃጥ ፈተና ያልታየው፣ በተለመዱት ሕዋሳት ውስጥ ታይቲን ስለማይሠራ ነው፤ የተጋለጠው ከግንድ ሕዋስ በተሠሩና በሚመቱ የልብ ሕዋሳት ላይ ሲፈተሽ ነው።

እኛም የ9ን እያንዳንዱን ቦታ በሌሎች አሚኖ አሲዶች እየተካን መቀበያው የትኛውን እንደሚታገሥ ለየን። በዚያ ንድፍ የሰውን ፕሮቲኖች በሙሉ ስንፈልግ 11 ተመሳሳይ ፔፕታይዶች ወጡ፤ ንጹሕ አድርገን አሠርተን ስንፈትናቸው እስከ 1 ማይክሮሞላር አንዳቸውም አልታወቁም። የልብና የነርቭ ሕዋሳት ፈተና ገና ይቀራል፤ እስከዚያ ድረስ ይህን መቀበያ ለሕክምና የሚሆን ዕጩ ብዬ አልጠራውም።

ቀን 140

የ9 ቲ ሕዋሳትን በ12 ቱቦ ከፍለን በፈሳሽ ናይትሮጅን አስቀመጥን፤ የመቀበያቸው ንባብ ሰኞ ይላካል። የ28 ሕዋሳትም አብረው ገብተዋል። ከነገ ጀምሮ በክፍል ሁለት ኤችኤልኤ የሚቀርቡትን እንፈልጋለን። በ2017 በሜላኖማ ታካሚዎች ላይ የወጡት ሁለት የግል ክትባት ጥናቶች እንዳሳዩት አብዛኛው ምላሽ የመጣው በክፍል ሁለት ኤችኤልኤ የቀረበውን ከሚያዩት ረዳት ሲዲ4 ቲ ሕዋሳት ነበር፤ እኛ ግን እስካሁን ክፍል አንድን የሚያዩትን ገዳይ ሲዲ8 ሕዋሳት ብቻ የሚጠራ አጭር ፔፕታይድ ነው የሰጠናቸው። ለዚህ 25 አሚኖ አሲድ ርዝመት ያላቸው 60 ፔፕታይዶች ታዘዋል፤ ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም በታካሚዋ በራሳቸው ቅደም ተከተል የተጻፉ ናቸው።